ስለ ፖፕ ዘፈንና ስለ አምልኮ መዝሙር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለቱንም እሰማለሁ። ጠዋት ፖፕ፣ ማታ የአምልኮ መዝሙር፤ አንዳንዴም በተገላቢጦሽ። ይህን ስናገር ከሁለቱም ወገን ትችት ይደርሰኛል። የፖፕ ወዳጆች "መዝሙር ያው አንድ ነገር መደጋገም ነው" ይላሉ። የመዝሙር ወዳጆች ደግሞ "ዘፈን ልብ ያደርቃል" ይላሉ። አብዛኛው ትችት የሚመጣው ሙዚቃውን ረጋ ብሎ ካለመስማት ይመስለኛል። ስለዚህ ደጋግመው የሚነሱትን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"የድሮ መዝሙር ንጹሕ ነበር፤ የዛሬው ግን ዓለም ገብቶበታል"

ብዙ ሰው ይህን ከልቡ ያምናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

በስቅለት ሰሞን በብዙ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት የሚዘመር፣ በእሾህ አክሊል ስለቆሰለው የክርስቶስ ራስ የሚናገር መዝሙር አለ። ጀርመናዊው አቀናባሪ ባኽ "የማቴዎስ ሕማማት" የተባለውን ሥራውን ሲያቀናብር ዜማውን ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። እኔ ከማውቃቸው ዜማዎች ሁሉ የዚህን ያህል ሐዘን የተሸከመ ጥቂት ነው። ሲወለድ ግን የፍቅር ዘፈን ነበር። ጀርመናዊው ሃንስ ሌዮ ሃስለር በ1601 ሲያሳትመው፣ ግጥሙ አንዲት ልጅ ልቡን ስላወከችው ሰው ነበር የሚያወራው። ምቱም ፈጠን ያለ ነበር። ቆይቶ ምቱ ረጋ፣ ግጥሙ ተቀየረ፣ ዜማው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ዛሬ ያንን ዜማ ሰምቶ "ዓለማዊ ነው" የሚል የለም።

"አሜዚንግ ግሬስ" የተባለውን ዝነኛ የእንግሊዝኛ መዝሙርም እንይ። እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ግጥሙን የጻፈው በ1772 መጨረሻ ላይ እንደሆነ ይታመናል። የታተመው በ1779 ነው። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ዜማ ግን ከግጥሙ ጋር የተጣመረው በ1835 ነው፤ ያጣመረውም አሜሪካዊው ዊልያም ዎከር ነው። ኒውተን ያረፈው በ1807 ነው። መዝሙሩን በዚህ ዜማ ሳይሰማው ነው የሞተው ማለት ነው። "ጥንታዊ" የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ተቀጣጥሎ፣ ተሻሽሎ፣ በብዙ እጅ አልፎ የመጣ ነው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፣ እሱንም ልንገራችሁ። አዲስ ስልት መከላከል የሚፈልጉ ሰዎች "ሉተርም እኮ የመጠጥ ቤት ዘፈን ወስዶ ነው መዝሙር ያደረገው" ይላሉ። ማስረጃ የለውም። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ሉተር አንድ የገና መዝሙሩን በታወቀ የሕዝብ ዘፈን ዜማ አስጀምሯል፤ እውነት ነው። በ1539 ግን ያንን ዜማ ትቶ ሌላ ተክቶበታል። ስለ ዜማ የሚጨነቅ ሰው ነበር። አዲስ ስልትን መደገፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ባልሆነ ታሪክ አይደለም።

"ዘፈን የሚሰማ ሰው መዝሙር ከልቡ አይሰማም"

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ዘፈን ትቶ መዝሙር ብቻ የሚሰማን ሰው አከብራለሁ። አንዳንዱ አንድ ዘፈን ሲሰማ ጥሎት የመጣው ሕይወት ይመለስበታል። እንዲህ ያለ ሰው በሩን ቢዘጋ ትክክል ነው። እኔም ቢሆን ሁሉንም አልሰማም፤ ሴትን የሚያዋርድ ግጥም ሲመጣ ዜማው የቱንም ያህል ቢጥም አጠፋዋለሁ። ችግሩ የአንድ ሰው የግል ጥንቃቄ ለሁሉም ሕግ ሲሆን ነው።

ሁለቱ ሙዚቃዎች ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱ ኖረዋል። የጥቁር አሜሪካውያን የጎስፕል መዝሙር አባት የሚባለው ቶማስ ዶርሲ "ጆርጂያ ቶም" በሚል ስም ብሉዝ የተባለውን ዓለማዊ ዘፈን ይጫወት የነበረ ፒያኒስት ነው። በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ አራሱ ልጅም ወዲያው ተከተላት። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ የጻፈው "ጌታ ሆይ እጄን ያዝ" የሚል ጸሎት ዛሬም በቀብር ላይ ይዘመራል። ያ መዝሙር ሲዘመር የብሉዝ ሰው እጅ በደንብ ይሰማል። ሐዘኑን ሳይሸፋፍን የሚናገር እጅ ነው፤ መዝሙሩን ያጠነከረውም ይኸው ይመስለኛል።

አሬታ ፍራንክሊንን ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እንደሷ የምወደው ድምፅ የለም። የፓስተር ልጅ ናት፤ ያደገችው አባቷ በሚያገለግልበት የዲትሮይት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየዘመረች ነው። ከዚያ የዓለም ታላቅ የሶል ዘፋኝ ሆነች። በጥር 1972፣ ዝናዋ ጣሪያ በነካበት ጊዜ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገብታ በሁለት ምሽት የመዝሙር አልበም ቀረጸች። "አሜዚንግ ግሬስ"ን ከ10 ደቂቃ በላይ ነው የዘመረችው። አንዷን ቃል ትይዝና ትሰብራታለች፣ ታጥፋታለች፣ ወደ ላይ ትወስዳታለች፤ ሰዉ እስክትጨርስ መጠበቅ አቅቶት መሀል ላይ ይጮኻል። በቀረጻው ፊልም ላይ ዝግጅቱን የመራው ጄምስ ክሊቭላንድ ራሱ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ ይታያል። ያንን አዘማመር ያመጣችው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ትንፋሽ አያያዙን፣ መድረክ ላይ አለመቸኮሉን ደግሞ በዘፋኝነት ዘመኗ አብስላዋለች። አልበሙም በሕይወት ዘመኗ ከሁሉ በላይ የተሸጠላት ሆነ።

"መደጋገም የባዶነት ምልክት ነው"

ይህ ትችት በዘመናዊ የአምልኮ መዝሙር ላይ ይበዛል። "አራት መስመር ይዘው ሩብ ሰዓት" ይባላል።

መዝሙር 136ን ክፈቱ። 26 ቁጥር አለው። 26ቱም የሚያልቁት ምሕረቱ ለዘላለም እንደሆነ በሚናገር በአንድ ሐረግ ነው። በራእይ ምዕራፍ 4 ያሉት እንስሶችም ቀንና ሌሊት ሳያርፉ "ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ" ይላሉ። መደጋገም ከአምልኮ ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው።

ፖፕም ቢሆን በመደጋገም ይኖራል። ቢትልስ በ1968 ያወጡት "ሄይ ጁድ" ከ7 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ከ4 ደቂቃ የሚበልጠው ያንኑ ማሳረጊያ መመላለስ ነው። ሰው ግን አይሰለቸውም፤ እንዲያውም ያን ክፍል ይጠብቃል።

ዋናው ጥያቄ በየዙሩ ምን ይለወጣል የሚለው ነው። ጥሩ የአምልኮ መዝሙር ስትሰሙ ጆሯችሁን ወደ ሥር አውርዱት። መጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ ረጅም ድምፅ ብቻ አለ፤ ሙዚቀኞች ፓድ የሚሉት። በሁለተኛው ዙር ጊታሩ ራቅ ካለ ቦታ ይገባል። በሦስተኛው ከበሮ መቺው ትልቁን ከበሮ ብቻ ይመታል። ከዚያ ብሪጅ የሚባለው የመሸጋገሪያ ክፍል ይመጣል፤ ያው ቃል፣ ያው ዜማ፣ ግን እያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ጸጥ ይልና የሰዉ ድምፅ ብቻ ይቀራል። በ2013 ሂልሶንግ ዩናይትድ የተባሉት የአውስትራሊያ ዘማሪዎች ያወጡት፣ ጴጥሮስ በውኃ ላይ መራመዱን የሚያስታውሰው ረጅም መዝሙር የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ወደ 9 ደቂቃ ይጠጋል፤ እኔ ግን ርዝመቱ ታውቆኝ አያውቅም። ቃሉ የመጀመሪያው ዙር ላይ ሐሳብ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ጸሎት ይሆናል።

ባዶ ድግግሞሽም አለ። ምንም ሳይጨመር፣ ምንም ሳይቀነስ፣ ቡድኑ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ሳይወስን ሲዞር ይታወቃል። እሱን መተቸት ተገቢ ነው።

"ካስለቀሰኝ መንፈስ አለበት፤ ካላስለቀሰኝ የለበትም"

ይህኛው ለእኔ ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም እኔም በመዝሙር አለቅሳለሁ። ለቅሶው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሙዚቃ በሰውነት ላይ የሚሠራው የራሱ ሥራ አለው።

የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ የሚነዝራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በ2011 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሰዎችን አእምሮ ተመልክተዋል። በዚያ የመንዘር ቅጽበት፣ እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ ገና ሲጠብቁት፣ አእምሯቸው ዶፓሚን የተባለውን ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ይለቅ ነበር። የሰሙት ሙዚቃ ደግሞ ቃል የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ኮርዱ (በአንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ድንገት ወደ ላይ ሲዘል፣ ከጸጥታ በኋላ ኳየሩ በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ አዲስ ድምፅ ሲጨመር ሰውነት መልስ ይሰጣል። ኮንሰርት ላይም ይሰጣል፣ ጉባኤ ላይም ይሰጣል።

ይህን ማወቄ አምልኮዬን አልቀነሰብኝም። ሰውነቴን የሠራው ራሱ አምላኬ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሁለት ነገር አስተካክሎልኛል። አንደኛ፣ ደረቅ ሆኜ በዘመርኩበት ቀን አላመለክሁም ብዬ ራሴን አልከስም። ሁለተኛ፣ አንድ መዝሙር ስላስለቀሰኝ ብቻ ግጥሙን ሳልመረምር አልቀበልም። ሙዚቃውን ዘግቼ ግጥሙን እንደ ንባብ አነበዋለሁ። አንዳንዱ ያኔም ይቆማል። አንዳንዱ ግን ከዜማው ሲለይ የሚለው ነገር የለውም፤ ያም ሆኖ ዜማውን ልወደው እችላለሁ።

"የእግዚአብሔር ስም ከተጠራ መዝሙር ነው፤ ካልተጠራ ዘፈን ነው"

በ1978 ቦኒ ኤም የተባሉት የዲስኮ ዘፋኞች በመላው አውሮፓ ያስጨፈሩበት ዘፈን ግጥሙ ከመዝሙር 137 የተወሰደ ነው። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱ ስደተኞች ሙሾ ነው። ከቦኒ ኤም በፊት በ1970 ሜሎዲያንስ የተባሉ የጃማይካ ልጆች በሬጌ ሠርተውታል። ቃሉ ከሞላ ጎደል መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ የተጨፈረበት ግን ዳንስ ቤት ነው።

በ1984 የወጣው የሊዮናርድ ኮኸን "ሃሌሉያ" ደግሞ ቃሉ በየአዝማቹ ይመላለሳል። ዳዊትም አለበት፣ የሳምሶን ጥላም አለበት። ነገሩ ግን ስለ ተሰበረ ፍቅር ነው። ድንቅ ዘፈን ነው፤ እወደዋለሁ። ለአምልኮ የሚመርጥ ሰው ግን ስንኞቹን በሙሉ ቢያነብ ጥሩ ነው።

በሌላ በኩል በ1972 ቢል ዊዘርስ ያወጣው "ሊን ኦን ሚ" የእግዚአብሔርን ስም አንድ ጊዜም አይጠራም። "ሲደክምህ እኔን ተደገፍ" ነው የሚለው፣ ሌላ የለም። ስንት ኳየር ዘምሮታል! አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም የሚለውን ቃል ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ዘፈን እኔ አላገኘሁም። መጽሐፈ አስቴርም እኮ በዕብራይስጡ የእግዚአብሔርን ስም አይጠራም።

"ፖፕ ያው አራት ኮርድ ነው፤ ማንም ይሠራዋል"

አራቱ ኮርዶች ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር እና ኤፍ ናቸው። እውነት ነው፣ በጣም ብዙ ዘፈን በነሱ ተሠርቷል። በጣም ብዙ የአምልኮ መዝሙርም እንዲሁ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዜማው፣ ከምቱና ድምፁ ከሚቀረጽበት መንገድ ነው። የስዊድኑ አባ ቡድን ድምፅ ለምን ያን ያህል ወፍራም እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቀረጻ ባለሙያቸው ሚካኤል ትሬቶቭ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲቀርጽ የቴፑን ፍጥነት በጥቂቱ ይቀይረው ነበር። አዲሱ ቅጂ ከመጀመሪያው በፀጉር ያህል ይለያል፤ ሲደረቡ የብዙ ሰው ድምፅ ይመስላሉ። "ማንም ይሠራዋል" የሚለው ሰው አንዴ ይሞክረው።

"ሰዉ አብሮ ካልዘመረ ቀዝቅዟል"

ብዙ ጊዜ ሰዉ አልቀዘቀዘም። የመዝሙሩ ዜማ ለጉሮሮው በጣም ቀጥኖ፣ ከፍ ብሎበት ነው። ዝነኛ የአምልኮ ቅጂዎች ብዙዎቹ የተቀረጹት ለሚመራው ሰው ድምፅ እንዲመቹ ነው፤ መሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ የተዘመረው ስንኝ መጨረሻ ላይ አንድ ኦክታቭ ሙሉ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያህል፣ ወደ ላይ ይዘላል። ቅጂው ላይ ያምራል። ያልሠለጠነ ጉሮሮ ግን በምቾት የሚደርስበት ስፋት ከአንድ ኦክታቭ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ግማሹ ሰው ታች ሲሆን ይጠፋበታል፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዜማውን በሁለት ወይም በሦስት ግማሽ ቶን (ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው እርከን) ዝቅ ማድረግ፤ ኪቦርድ ላይ ለዚሁ የተሠራ ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ አለ። መሪው ምናልባት እንደ ቅጂው አያበራም። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን አዝማቹን አብሮ ይላል።