ንድፍ ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር በተደረደሩት የሀገር ልብስ ሱቆች ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ የሚደጋገም አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ዲዛይን» ነው። ደንበኛዋ ስልኳን ከፍታ የአንዲት ሙሽራን ፎቶ ታሳያለች፤ «ይህን ዲዛይን ሥሩልኝ» ትላለች፤ ባለሱቁም ፎቶውን ለሸማኔው ይልክለታል። በዚህ ንግግር ውስጥ ዲዛይን ማለት ጥለቱ፣ ማለትም በቀሚሱ ደረትና ጠርዝ ላይ የሚወርደው ባለቀለም ጌጥ ነው። ለገበያ ይህ አጠቃቀም ይበቃል። በዚሁ ሰፈር ሸማ እያሠራን ለምንኖር ሰዎች ግን ጉዳዩ ከጥለት ይሰፋል፤ ስፋቱንም «ንድፍ» የሚለው የቆየው ቃላችን ከውሰቱ ቃል ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ይመስለኛል።

«ነደፈ» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት አገልግሎት አለው። ንብ ትነድፋለች፤ መሐንዲስ የቤት ፕላን ይነድፋል፤ ጥጥም ይነደፋል። ይህን የመጨረሻውን በዓይኑ ያየ የከተማ ልጅ ጥቂት ስለሆነ ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል። ጥጥ ከፍሬው የሚለየው በመዳመጥ ነው፤ ባለሙያዋ ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ ቀጭን ብረት ስታንከባልልበት ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣል። የተዳመጠው ጥጥ ግን ገና እንደተጣበቀና እንደተድቦለቦለ ነውና እንዲሁ ቢፈተል ክሩ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። ስለዚህ ደጋን ይነሣል። የደጋኑ አውታር ከጥጡ ጋር ተነካክቶ ተስቦ ሲለቀቅ ይነዝራል፤ በነዘረ ቁጥርም የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ትቢያውና የቅጠሉ ስብርባሪ ወደ ታች ይረግፋል፣ ጥጡም ተነፍቶ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ ተጠቅልሎ ባዘቶ ይሆናል፤ እንዝርት የሚነካው ባዘቶውን ብቻ ነው።

ንድፍን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ጥጥ ከመፈተሉ በፊት እንደሚላቀቅና እንደሚጠራ፣ አሳብም ከመሠራቱ በፊት እንዲሁ መላላትና መጥራት አለበትና። ንድፍ ማለት አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት፣ እየተሠራም ሳለ፣ ለማን፣ ለምን አገልግሎት፣ ከምን ነገር፣ በየትኛው እጅና መሣሪያ እንደሚሠራ የሚደረግ ውሳኔ ሁሉ ነው። በወረቀት ላይ የሚሰመረው መስመር የዚያ ውሳኔ ማስታወሻ ነው፤ ብዙ ሸማኔዎች ደግሞ ያለ ወረቀት፣ የድሩን፣ ማለትም በመሸመኛው ላይ ቁልቁል የተዘረጋውን ክር በልባቸው እየቆጠሩ ይወስናሉ። ከጌጥም ይለያል። ጋቢ ምንም ጥለት ባይኖረው እንኳ ንድፍ አለው፤ ድርቡ አራት መሆኑ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን የሌሊት ብርድ እንዲችል ታስቦ የተደረገ ውሳኔ ነውና።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የራሴ ስሕተት ነው። በሜካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ነበር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ይህ ስፍራ ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፤ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ያው ጭቃ በዚያ ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዘ፣ እየጎበጠና እየከበበ ሲሄድ አይቼ ቀልቤ እዚያው ቀረ። ማታ ቤቴ ገብቼ ክቦቹን በደብተር ላይ ሣልኋቸው፤ በማግስቱም ለብዙ ዓመት አብረውኝ ለሠሩት አረጋዊ ሸማኔ አቀረብሁላቸው።

እርሳቸው እግር ከሚገባበት ከመሸመኛው ጉድጓድ አፋፍ እንደ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ፣ ደብተሩን ራቅ አድርገው ተመለከቱት። «ልጄ፣ ይሄ በወረቀት ያምራል፤ ድሩ ግን አይቀበለውም። ክቡን የግድ ካልሽ ለጥልፍ ጠላፊ ስጪው» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይሞክሩልኝ» ብዬ ለመንሁ፤ ሞከሩልኝ። የወጣው ነገር ጠርዙ እንደ ደረጃ የተሸራረፈ፣ ክብም አራት ማዕዘንም ያልሆነ ቅርጽ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ የፈጀው ሥራም ተፈታ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድር ቁልቁል፣ ማግ አግድም ይሄዳል። ጥለት የሚወጣው ሸማኔው ባለቀለሙን ተጨማሪ ማግ በተቆጠሩ የድር ክሮች መካከል በእጁ ሲያስገባ ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር በክር ቁጥር ይራመዳል፤ ሰያፍ መስመር በትናንሽ እርከኖች ይወጣል፣ ክብ ደግሞ ክሩ በጣም ካልቀጠነ በቀር ይሰበራል። ጥልፍ ግን ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሄድ በመሆኑ እንደ ልቡ ይጠማዘዛል። ጭቃም የእጅን ግፊት ተከትሎ ይጎብጣል። እኔ የጭቃን ባሕርይ ከክር ጠይቄ ነበር። ያየሁትን ሳልነድፍ ለመፍተል ሞከርሁ ማለት ነው፤ ከግድግዳው መውሰድ የነበረብኝ ክቡን ሳይሆን፣ ሠሪዎቹ ጭቃው ምን እንደሚችል ጠይቀው እስከ መጨረሻው የተከተሉበትን መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዐውደ ርእይ ስገባ የማየው ሌላ ነገር ነው። የኤልያስ ስሜን ሥራዎች እንውሰድ፤ ከመርካቶ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችና ቁልፎች በእንጨት ላይ ተደርድረው የተሠሩ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ የእርሻ ማሳ ወይም የከተማ ካርታ ይመስላሉ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ የተጎነጎነው ሽቦ የት ጥቅጥቅ እንዳለ፣ የት እንደሳሳ፣ ሁለት ቀለማት ሲገናኙ ጠርዛቸው እንዴት እንደተያዘ እመረምራለሁ። ከዚህ ምርመራ የወጣው ሥራዬ ሽቦ አይመስልም፤ አንድም ቀለም የለውም። በእጅ የተፈተለ ወፍራም ማግና ቀጭን ማግ እየተፈራረቀ የሚገባበት ነጭ ኩታ ነው፤ ብርሃን ፊት ሲያዝ ብቻ ወፍራሙና ቀጭኑ ይለያል። አረጋዊው ሸማኔ ያንን ሲሠሩ ቃል አልተናገሩም፤ ድሩ ተቀብሎታልና።

ከተማው ዳርቻ ላይ የተወለደ ሌላ ምሳሌም አለ። ከመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ የማያውቅ የለም። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የጎማውን ሶል እንደ ነበረ ይዛ፣ በላዩ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ አምጥታ፣ ድርጅቷን ለውጭ ገበያ አብቅታለች። በረባሶውን ላላ አድርጋ፣ የሚጠቅመውን አስቀርታ፣ ለሌላ እግር እንደገና ፈተለችው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ንድፍ ያልሆነውን ለማየት ደግሞ ከእኛው ገበያ ሳይወጡ ጥለት የታተመበትን ጨርቅ ገልብጦ መመልከት ይበቃል። ፊቱ ላይ ጥለቱ አለ፤ ጀርባው ግን ገርጥቷል፣ ወይም ነጭ ነው። በተሸመነው ላይ ባለቀለሙ ክር በጀርባም ሲሄድ ይታያል፤ ሸማኔው የት እንደ ጀመረ፣ የት ክር እንደ ቀየረ ይነበባል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ የታተመውን የሚገዛ ሰው አይወቀስም። የሚያሳዝነኝ አንድ ሸማኔ ወራት አስቦ ያወጣው ጥለት በፎቶ ተወስዶ ሲታተም፣ አሳቢው እርሱ መሆኑን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

ይህ ዝምታ የቆየ ሥር አለው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ልዩነቱ በሌላ መልክ ቀርቷል፤ ወረቀት ላይ የሣለው «ዲዛይነር» ይባላል፣ ድሩን የቆጠረው «ሠራተኛ»። በእኔ ሥራ ላይ ክቡን ያስቀሩት፣ የማጉን ውፍረት የመረጡት፣ የጠርዙን ማሰሪያ የወሰኑት አረጋዊው ናቸው፤ ከዚህ በላይ ንድፍ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ጨርቁ ሲሸጥ ክፍያው የሚሠላው በክንድ ብቻ እንዳይሆን ተስማምተናል፤ ለአሳቡም ለየብቻ እከፍላለሁ።

አሁን አዲስ ነገር ስናስብ የምንጀምረው ከደብተር አይደለም። አንድ ሸማ አልቆ ሲቆረጥ በመሸመኛው ላይ ጥቂት ድር ይተርፋል፤ እርሳቸው በዚያ ትራፊ ላይ ስንዝር ያህል ይሞክሩና ቆርጠው ይሰጡኛል። ስድስት ኪሎ ወዳለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ወይም ወደ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ስወርድ ያቺን ቁራጭ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ አንድ ሥራ ፊት ስቆምም በጣቴ እየዳበስኋት አያለሁ።