«ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ሲባል አዋጁ ወጣ ማለት ነው?

ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ወሬ ክንፍ አለው። ማታ በዜና «ረቂቅ አዋጁ ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ይባላል። ጠዋት ሰልፉ ጋ ሲደርስ «አዋጁ ወጣ እኮ!» ሆኗል። ነገሩ የቤት ኪራይ ከሆነ አከራዩም ተከራዩም ይደነግጣል። ኧረ ቀስ!

አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ ማብራሪያ ይቀርብበታል፤ አባላቱም በጥቅሉ ይነጋገሩበታል። ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በቴሌቪዥን እጅ ሲወጣ ያየ ሁሉ «በቃ፣ አለቀ» ይላል። ያ ድምፅ ግን ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ይሂድ የሚል ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ከምክር ቤቱ አባላት የተዋቀረው ኮሚቴ ጋ ነው። ረቂቁ አንቀጽ በአንቀጽ ይታያል፣ ባለሙያ ይጠየቃል፣ የሕዝብ አስተያየት መድረክም ይጠራል። ቅሬታ ያለው ሰው መናገር ያለበት ያኔ ነው። እኛ ግን የምንነቃው ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ልማድ ሆኖብናል። ኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ሲመለስ ምክር ቤቱ ለማጽደቅ ድምፅ ይሰጣል። አስቸኳይ ነው ተብሎ ኮሚቴ ሳይገባ የሚጸድቅም አለ።

ከጸደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ። ባይፈርሙም ሕግ ከመሆን አይቀርም። ከዚያ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል።

በቴሌግራም የደረሳችሁ ፋይል ላይ «አዋጅ ቁጥር» ካለ በኋላ ነጠብጣብ ከሆነ ገና ረቂቅ ነው። የቤት ኪራይ አዋጁን ግን ብታዩት 1320/2016 የሚል ቁጥር አለው።