የወረደ ፋይል ስሙን እንዲይዝ፦ የዩሊያን ሬሽከ ሥራ

ከድረ ገጽ የሚወርድ ፋይል በምን ስም እንደሚቀመጥ ለአሳሹ የሚነግረው ሰርቨሩ ነው። ከፋይሉ አስቀድሞ ኮንቴንት ዲስፖዚሽን የተባለ ራስጌ ይልካል፤ ስሙ የሚጻፈው በዚህ ራስጌ ውስጥ፣ «ፋይልኔም» በተባለው መስክ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም ብዙም አያስቸግርም። የግዕዝ፣ የዐረብኛ ወይም የጃፓንኛ ስም ግን ለብዙ ዓመታት አንዱ አሳሽ ጋ በደኅና ደርሶ ሌላው ጋ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ይህን ውጥንቅጥ መልክ ካስያዙት መካከል ቀዳሚው ጀርመን ሙንስተር በሚገኘው ግሪንባይትስ ኩባንያ የሚሠራው ዩሊያን ሬሽከ ነው።

ራስጌው ከኢሜይል የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2231 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር ደንቦች የሚወጡበት ተከታታይ ሰነድ ነው) ለኢሜይል እንዲህ ያሉ ስሞች የሚጻፉበትን ዘዴ አበጅቶ ነበር። አሳሽና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ የሆነው የኤችቲቲፒ በ1999 የወጣ ሰነድ ግን ራስጌውን ይጠቅስና የመስፈርቱ አካል አይደለም ይላል። ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማንም ደንብ አያወጣለትም። ፋየርፎክስና ኦፔራ የኢሜይሉን ዘዴ ሲከተሉ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በራሱ መንገድ ሄደ። ስለዚህ የሰርቨር ፕሮግራም ጸሐፊዎች የአሳሹን ማንነት እየለዩ ለእያንዳንዱ የተለየ አጻጻፍ ለመላክ ተገደዱ።

ሬሽከ በዚህ ላይ ሌላ አዲስ ዘዴ አልጨመረም፤ ያለውን አጠበበው። በ2010 ባወጣው አርኤፍሲ 5987 ረጅም ስምን ቆራርጦ መላክን የመሰለውን ውስብስብ ክፍል ተወው። የቀረው አጭር ነው፦ የፊደል ኮዱ ስም፣ ከተፈለገ ቋንቋው፣ ከዚያም በፐርሰንት ምልክት የተጻፈው ስም። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ፣ ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ስለሚጻፍ «ሰላም» የሚለው ስም 27 ቁምፊ ሆኖ ይጓዛል። መንገድ ላይ ግን አይበላሽም።

በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6266 ይህንን ለራስጌው ደነገገ። ከሁሉ የማደንቀው የአሮጌ አሳሾችን ነገር የያዘበትን መንገድ ነው። ሰርቨሩ ሁለት ስም ይልካል፤ አንዱ ተራ፣ ሌላው መስኩ በኮከብ ምልክት የተለየ። አዲሱ አሳሽ ባለ ኮከቡን ይመርጣል፤ የማያውቀው አሳሽ ተራውን ይወስዳል። አንዳንድ አሮጌ አሳሾች እንዳይደናገሩም ተራው እንዲቀድም ይመክራል። ሰነዱ ስለ ደኅንነትም ያስጠነቅቃል፦ ስሙ የማኅደር አድራሻ ይዞ ከመጣ አሳሹ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ መውሰድ አለበት፤ አለዚያ ላኪው በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ የፈለገበት ቦታ ሊጽፍ ይችላል።

ሬሽከ ሰነድ በመጻፍ ብቻ አልቆመም። የሙከራ ስብስብ አዘጋጅቶ የትኛው አሳሽ የቱን ፈተና እንዳለፈና እንደወደቀ በግልጽ አሳየ። በ2011 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 አጻጻፉን ተቀበለ። በ2017 አርኤፍሲ 8187 የ5987ን ቦታ ሲወስድ ፕሮግራሞች የግድ መቀበል ያለባቸው የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ-8 ብቻ ሆነ። ዛሬ የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ተበላሽቶ ቢወርድ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሰርቨሩ ባለ ኮከቡን መስክ መላኩ ነው።