የወፍ ፎቶ ማንሳትን መለማመድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ይህን ያህል ሀብት በዙሪያው እያለ ካሜራ የገዛ ሰው ወፍ ለማንሳት የሚያመነታው ብዙውን ጊዜ ከሌሎች በሰማቸው ጥቂት እምነቶች ምክንያት ነው። እኔ ግን የካሜራን አሠራር በሚገባ ለማወቅ ወፍን የሚያህል አስተማሪ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ወፍ ትንሽ ናት፣ ርቃ ትቀመጣለች፣ አንድ ቦታም አትረጋም፤ ስለዚህ በሰው ወይም በመልክዓ ምድር ፎቶ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ የፎከስና የብርሃን ስሕተት በወፍ ፎቶ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

«ለመለማመድ ብርቅዬ ወፎች ወዳሉበት መሄድ ያስፈልጋል»

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የባሌ ሳነቲ አምባ ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ለማንሳት ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው፣ እነዚያን ሁለት ቀናት የካሜራውን ቁልፎች በመፈለግ ቢያሳልፋቸው የሚያሳዝን ነው። ልምምዱ መካሄድ ያለበት በየቀኑ በሚገኙ ወፎች ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሥጋ ቤቶች አካባቢ የምታንዣብበው፣ ብዙ ሰው በደፈናው አሞራ የሚላት ጭልፊት፣ በራሪ ወፍን በፎከስ መከተል ለሚማር ሰው የተሰጠች ስጦታ ናት፤ ሰፊ ክብ እየሠራች በዝግታ ስለምትዞር ያመለጠው ዙር ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ እርግቦች መነሣትና ማረፍን ያስተምራሉ። ማለዳ በጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው፣ በጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት ቆልማማ መንቁሩ ወፍ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም፤ በእኛ ግን በየሣር ሜዳው ሲለቅም ይውላል።

«ረጅም ሌንስ ከሌለ ምንም አይሠራም»

ረጅም ሌንስ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም፤ ስሕተቱ የርቀትን ጉዳይ በገንዘብ ብቻ የሚፈታ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው። ከወፏ 20 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሳያስደነግጣት ወደ 10 ሜትር ቢጠጋ፣ ወፏ በፎቶው ላይ የምትይዘው ስፋት አራት እጥፍ ያድጋል፤ ይህም የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስን በ400 ከመተካት ጋር እኩል ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም ከሰው እግር ሥር ስለሚመላለሱ፣ እዚያ ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ወፉን በሙሉ ለማስገባት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይገደዳል።

ከዚህም በላይ ረጅም ሌንስ የራሱን ችግሮች ይዞ ይመጣል። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 5.6 ቀዳዳ (ብርሃን በሚያስገባው የሌንሱ ክፍተት መጠን)፣ አምስት ሜትር ላይ ያለች ወፍ ስትነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት እንደ ካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ክፍል) መጠን ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ፎከሱ ደረቷ ላይ ካረፈ ዓይኗ ሊደበዝዝ ይችላል ማለት ነው። እንዲሁም በዝዋይ ሐይቅ ላይ ረፋዱ ሲሞቅ ከመሬትና ከውኃ የሚነሣው የአየር ሞገድ ሩቅ ያለን ወፍ ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህን የቱም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም፣ መፍትሔው ማልዶ መሄድና መቅረብ ነው።

«የሌንሱ ማረጋጊያ ካለ ዝቅተኛ የሹተር ፍጥነት ይበቃል»

የሹተር ፍጥነት ማለት ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት የጊዜ ርዝመት ነው። ማረጋጊያው የሚቀንሰው የፎቶ አንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ የወፏን እንቅስቃሴ ሊያስቆም አይችልም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሰከንድ 10 ሜትር የምትበር ወፍ በ1/500 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ በ1/2000 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ አምስት ሚሊ ሜትር ትጓዛለች። ካሜራውን አብሮ በማዞር መከተል የአካሏን ጉዞ ያካክሳል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚራገበውን ክንፍ ግን አያካክስም። በክንፏ ሳታራግብ የምትንሳፈፍ ጭልፊት በ1/1000 ጥርት ብላ ልትወጣ ስትችል፣ ከጎኗ የሚያልፍ እርግብ ከ1/2000 በላይ ይጠይቃል። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ እንኳ ራሷን በቅጽበት ስለምታዞር፣ ፎቶው ሲደበዝዝ ሌንሱን ከመውቀስ በፊት ፍጥነቱን መመልከት ይገባል።

«ጥቁር ወፍ ሲሆን ብርሃን መቀነስ፣ ነጭ ወፍ ሲሆን መጨመር ነው»

ብዙዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያሳስት የማየው ይህ ነው፤ እኔም በዚህ ምክር ተመርቼ የመጀመሪያዎቹን ወራት ፎቶዎቼን ያበላሸሁ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ። ምክሩ እውነት የሚሆነው ወፉ ፎቶውን ከሞላው ብቻ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ቁራ ይሁን ፔሊካን አያውቅም፤ የሚሠራው በፎቶው ላይ ያለውን ብርሃን ሁሉ ደምሮ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው። ቁራው ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው ጨለማ ያገኘ ስለሚመስለው ያበራዋል፣ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል፤ ያኔ መቀነስ ተገቢ ነው። ያው በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ በደመናማ ሰማይ ላይ ሲበር ግን፣ መለኪያውን የሚመራው ሰማዩ እንጂ ቁራው አይደለም፤ ካሜራው ሰማዩን ሲያጠቁር ቁራው ቅርጹ ብቻ የሚታይ ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከአንድ እስከ ሁለት እርከን (እያንዳንዱ እርከን ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) መጨመር ያስፈልጋል። በተቃራኒው በሐይቁ ጥቁር ውኃ ላይ ርቆ የሚንሳፈፍ ነጭ ፔሊካን ነጭ ሆኖ ሳለ ቅነሳ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ የላባው ዝርዝር በብርሃን ተውጦ ይጠፋል፣ የጠፋውንም በኋላ በኮምፒውተር መመለስ አይቻልም።

እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከወፉ በስተጀርባ ምን አለ የሚለው ነው። ለዚህ የሚሆነው ልምምድ አንድን ወፍ በሦስት ዳራ ማንሳት ነው፦ በሰማይ፣ በቅጠልና በግድግዳ ላይ። ከዚያ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም በፎቶው ላይ ያለውን የጨለማና የብርሃን መጠን የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ፣ መመልከትና የብርሃኑ ክምር ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄዶ እንዳልተቆረጠ ማረጋገጥ ይገባል። የወፉ ብርሃን የማይለዋወጥ ሆኖ ዳራው ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ጭልፊቷ ከሰማይ ወደ ተራራ ከተራራ ወደ ሰማይ ስትመላለስ፣ ሁሉንም በእጅ አስተካክሎ መተው ከማንኛውም ራስ-ሰር ዘዴ የተሻለ ነው።

«አይኤስኦ ከ400 ካለፈ ፎቶው ይበላሻል»

አይኤስኦ ካሜራው የገባለትን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን ነው። ፎቶው ላይ የሚታየውን ሻካራ ቅንጣት በሶፍትዌር መቀነስ ይቻላል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘን ዓይን ጥርት ማድረግ ግን አይቻልም። አይኤስኦውን ለመቆጠብ ብሎ አጨልሞ ማንሳትና በኋላ ማብራትም ሻካራነቱን አያስቀርም፣ ምክንያቱም የሻካራነቱ ዋና ምንጭ ወደ ሴንሰሩ የገባው ብርሃን ማነስ ነው። በእንጦጦ ጥድ ጥላ ውስጥ 3200 መጠቀም ሊያሳፍር አይገባም።

«ቁልፉን ይዞ በተከታታይ ማንሳት ከሁሉ ይሻላል»

በሰከንድ 10 ወይም 20 ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ይረዳል፤ ነገር ግን ፎከሱ ከመጀመሪያው ካልያዘ ውጤቱ ሃያ የደበዘዙ ፎቶዎች ነው። ካሜራው በተከታታይ ፎከስ (ወፏ ስትንቀሳቀስ ፎከሱ አብሯት እንዲሄድ በሚያደርገው ቅንብር) ላይ መሆኑን ማረጋገጥና ወፏ ገና ሩቅ ሳለች መከተል መጀመር ይቀድማል። ከዚህ እኩል የሚጠቅመው ወፏ የምታደርገውን ቀድሞ መገመት ነው። ወፎች ሲነሡም ሲያርፉም ወደ ነፋሱ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ነፋሱንና ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ የቆመ ሰው ወፏ ወደ እርሱ ፊቷን አዙራ፣ ብርሃን አርፎባት ስትመጣ ያገኛታል። ለመነሣት የተዘጋጀች ወፍ እግሯን አጥፋ ዝቅ ትላለች፤ ቁልፉን መጫን ያኔ ነው።

«ጥሩ ብርሃን ያለው በበጋ ነው፤ ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው»

ስለ ማለዳ ወርቃማ ብርሃን የሚነገረው አብዛኛው ምክር የመጣው ከሰሜን አገሮች ነው። በአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በለንደን ኬክሮስ በዚያው ጊዜ ውስጥ 18 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትደርሳለች። በእኛ አገር ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በበጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የወፏ ዓይን በራሷ ጥላ ይሸፈናል። በክረምት ግን ደመናው ብርሃኑን አለስልሶ ለግማሽ ቀን ያህል ያቆይልናል፤ የላባ ዝርዝር ለማውጣት ከዚህ የተመቸ ብርሃን አላውቅም። በዚያ ላይ በእርሻ ዳር የሚኖሩ አንዳንድ ትናንሽ ወፎች ወንዶቻቸው ቀይና ቢጫ የሚለብሱት በዝናቡ ወቅት ነው። ካሜራውን በፕላስቲክ ሸፍኖ መውጣት ብቻ ይበቃል።

«ጎጆ አጠገብ ወፍ ስለማትሸሽ ለመለማመድ ይመቻል»

አትሸሽም ማለት አልተጨነቀችም ማለት አይደለም። ወላጆቹ በሰው ምክንያት በራቁ ቁጥር እንቁላሉ ይበርዳል፣ ጫጩቱ ይራባል፣ ጎጆውን የገለጠ ቅጠልም ለቁራና ለድመት መንገድ ያሳያል። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራትም እንዲሁ ነው፤ ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ምግብ ፍለጋውን ትቶ ይባዝናል። መልቀሟን አቁማ ቀጥ ብላ የምታየን ወፍ ከሚገባው በላይ እንደቀረብናት እየነገረችን ስለሆነ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ፣ እንደገና መልቀም እስክትጀምርም ድረስ ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ ያስፈልጋል።