ፓን፦ የትሪኒዳድና ቶቤጎ ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ

ፓን፣ ሙሉ ስሙ ስቲልፓን፣ ከቬኔዙዌላ ጠረፍ ፊት ለፊት በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት የተወለደ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የሚሠራው 208 ሊትር ገደማ ከሚይዝ የነዳጅ በርሜል ነው። የበርሜሉ ግርጌ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ በዚያ ጎድጓዳ ላይ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች ይወጡበታል። አንዱ ጉብታ አንድ ኖታ ነው። ተጫዋቹ ጫፋቸው ጎማ በለበሰ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ይመታዋል። በፒያኖ ነጭና ጥቁር ቁልፎች ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱም ድምፆች ፓን ላይ አሉ፤ ስለዚህ ካሊፕሶም (የትሪኒዳድ ዘፈን)፣ ጃዝም፣ የአውሮፓ ክላሲክም ይጫወታል።

በውጭ አገር «የብረት ከበሮ» ሲሉት ይሰማል። ከበሮ ግን ቆዳ የተወጠረበት ነው፤ ፓን ላይ የሚርገበገበው ብረቱ ራሱ ነው። ትሪኒዳዳውያን «ፓን» ብቻ ይሉታል፣ ትክክለኛው ስም እሱ ነው። «ከቆሻሻ የተሠራ ሙዚቃ» የሚለውም አባባል ለአጀማመሩ ይስማማል እንጂ ለዛሬው ፓን አይመጥንም። ዛሬ አንድ ጥሩ ፓን የሚወጣው በብረት፣ በእሳትና በድምፅ ላይ ለዓመታት ከሠለጠነ እጅ ነው።

ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከቀርከሃ ወደ በርሜል

በትሪኒዳድ ባርነት በ1838 ፈጽሞ ከቀረ በኋላ ነፃ የወጡት አፍሪካውያን ከዐቢይ ጾም በፊት የሚከበረውን የአደባባይ በዓል፣ ካርኒቫልን፣ የራሳቸው አደረጉት። ችቦ አብርተው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በዱላ እየተጋጠሙ ይወጡ ነበር፤ ሰልፉ ካንቡሌ ይባላል። በ1881 ፖሊስ ሊበትነው ሲሞክር በዋና ከተማዋ በፖርት ኦፍ ስፔን ከባድ ግጭት ተነሣ። የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ በካርኒቫል ከበሮ መምታትን በሕግ ገደበ።

ከበሮው ሲከለከል ሕዝቡ ወደ ቀርከሃ ዞረ። ታምቡ ባምቡ የሚባለው ስልት ድምፆቹን በቀርከሃው መጠን ይለያል። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው ወፍራም ቀርከሃ መሬት ላይ እየተወቀጠ የጎርናናውን ድምፅ ይሰጣል። ሁለት አጫጭር ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ይጋጫሉ። ቀጭኑ ደግሞ ትከሻ ላይ ተደግፎ በጠንካራ እንጨት ይመታል፤ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማውም እሱ ነው። የቀርከሃ ችግሩ መሰንጠቁ ነው፤ ሰልፉ ሳያልቅ ይፈረካከሳል። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ ወጣቶቹ የብስኩት ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ የመኪና የፍሬን ድራም ማንሣት ጀመሩ። ጣሳ አብዝቶ ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ጎድጓዳው ሲቃና ድምፁ ይለወጣል። የፓን ምሥጢር የተገኘው ከዚህ ነው።

ማን ቀደመ የሚለው ክርክር በየሠፈሩ እስከ ዛሬ አለ። ዊንስተን «ስፕሪ» ሳይመን በ1946 ካርኒቫል በጥቂት ኖታዎች ዜማ በመጫወቱ ስሙ ይነሣል። የዉድብሩክ ሠፈሩ ኤሊ ማኔት ትልቁን በርሜል በመጠቀሙ፣ ግርጌውን ወደ ውስጥ በማስመጡና ዱላውን ጎማ በማልበሱ ይታወቃል። ኔቪል ጁልስ የጎርናናውን ክፍል አሰፋ። ለአንድ ሰው ብቻ ዘውድ መድፋት ታሪኩን ያዛባል፤ ፓንን የወለደው የሠፈሮች ፉክክር ነው። አንዱ ሠፈር ያወጣውን ድምፅ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ እየቀጠቀጠ ሊበልጠው ይሞክር ነበር። በርሜል እንደ ልብ የተገኘውም ደሴቲቱ ነዳጅ አምራች ስለሆነችና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ስለነበረባት ነው።

በዚያ ዘመን ፓን መጫወት አያስከብርም ነበር። ተጫዋቹ የድሃ ሠፈር ልጅ፣ ሥራ ፈት፣ ጠበኛ ተብሎ ይታይ ነበር፤ ባንዶቹም በካርኒቫል እርስ በርስ ይደባደቡ ነበር። አመለካከቱን ከለወጡት ነገሮች አንዱ በ1951 ለብሪታንያ ፌስቲቫል ወደ ለንደን የሄደው ታስፖ የተባለው የምርጦች ባንድ ነው። የሙዚቃ መሪው ሌተናንት ጆሴፍ ግሪፊዝ ፓኖቹ ሁሉ በሙሉ አሥራ ሁለት ድምፅ እንዲቃኙ፣ ጎርናናውን ድምፅ የሚይዘው ባስም ከአንድ በላይ በርሜል እንዲኖረው አደረገ። በዚያው ዓመት ሄዘል ሄንሊ የመራችው ገርል ፓት የተባለ የሴቶች ባንድ ተቋቋመ፤ ይህም «የወንበዴ ሙዚቃ» የሚለውን ስም ለማጥፋት ሳይረዳ አልቀረም።

አሠራሩ

ሥራው የሚጀምረው በርሜል ከመምረጥ ነው። የላሜራው ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር አካባቢ፣ የአፉ ስፋት 57 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት። የተጨራመተ ወይም ዝገት የበላው በርሜል ሲሰምጥ ይቀደዳል፤ አንዴ ከተቀደደ ብየዳ አያድነውም፤ የተበየደው ቦታ ድምፁን ይገድለዋል።

ማስመጥ ጉልበትና ትዕግሥት የሚፈልግ ክፍል ነው። እጀታው ባጠረ ከባድ መዶሻ ከዳር ወደ መሐል በክብ በክብ ይቀጠቀጣል። ዋናውን ዜማ ለሚይዘው ለቴነር ፓን ጥልቀቱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ባስ ግን የዚያ ግማሽ ያህል ይበቃዋል። ላሜራው እየተለጠጠ ስለሚሄድ መሐሉ ከዳሩ ይሳሳል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይመታና ብረቱን እኩል ሳይሆን በጉራማይሌ ያሳሳዋል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ኖታው አልቃኝ ሲል ነው።

ቀጥሎ የኖታዎቹ ቦታ በኮምፓስና በማስመሪያ ይነደፋል። በየኖታው ዙሪያ ያለው ብረት ይስተካከልና ኖታው በስሱ ጎበጥ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ ጫፉ በተዶለዶመ የብረት መምቻ በመሥመሩ ላይ ተራ በተራ እየተነጠበ ኖታዎቹ ይከለላሉ። ክልሉ አንዱ ኖታ ሲመታ ጎረቤቱ አብሮ እንዳይጮኽ ያግዛል። የመምቻው ጫፍ ስለት ካለው ላሜራውን ይበሳዋል።

የበርሜሉ ጎን ከዚህ በኋላ ይቆረጣል። ለቴነር 14 ሴንቲሜትር ያህል ይቀራል፤ ለባስ ግን በርሜሉ በቁመቱ ይተዋል፣ ድምፁ የሚጎላው በውስጡ ባለው አየር ስለሆነ።

እሳቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉን ይወስናል። በመዶሻ የተለጠጠ ብረት በውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ማሞቁ ያንን ያረጋጋዋል፣ ያጠነክረዋልም። ቃኚዎች የብረቱን ቀለም ያያሉ፤ ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ይበቃል። እሳት ያነሰው ፓን ቅኝቱን አይዝም፤ የበዛበት ደግሞ ይልምና ድምፁ ይሞታል። ቀድሞ የመኪና ጎማ ይነድበት ነበር፣ በጋዝ ማሞቅ ግን ለእጅም ለሳምባም ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው መቃኘት ነው፤ በፓን ዓለም ቃኚው የሚከበረውም ስለዚህ ነው። በአብዛኛው ኖታውን ከሥር ወደ ላይ ቀስ አድርጎ መምታት ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ከላይ መምታት ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ግን መነሻው ብቻ ነው። ጥሩ ኖታ ዋናውን ድምፅ ብቻ አይሰጥም፤ ከላዩ ኦክታቩን (በስምንተኛው ደረጃ ላይ የሚደገመውን ያንኑ ድምፅ)፣ ከኦክታቩም በላይ ሌላ ድምፅ አብሮ ያሰማል። የፓንን ጥራት የሚሰጠው ይህ ነው። በርቲ ማርሻል በ1950ዎቹ ኦክታቩን አውቆ ማውጣት ሲጀምር የፓን ድምፅ ተለወጠ። ዛሬ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ቃኚውን ያግዛል፣ የትኛውን ጥግ በምን ያህል ኃይል መምታት እንዳለበት ግን አይነግረውም። አንዱ ኖታ ሲነካ ጎረቤቱ ስለሚዛነፍ፣ ቃኚው ፓኑን ደጋግሞ ይዞራል። በመጨረሻ ክሮም ወይም ቀለም ይለብሳል፤ ክሮም ቅኝቱን ስለሚያናጋው እንደገና መቃኘት ግድ ነው።

የኖታዎቹ አቀማመጥ

ዋናውን ዜማ የሚይዘው ቴነር ፓን ከ28 እስከ 29 ኖታ አለው። በውጨኛው ቀለበት 12፣ በመካከለኛው 12፣ በመሐል የቀሩት ይደረደራሉ። ትላልቆቹ ጉብታዎች የዝቅተኛ ድምፅ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ወደ ውስጥ ያለው ጎረቤት የዚያው ድምፅ ኦክታቭ ነው። በቀለበቱ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ድምፆች በሙዚቃ አምስተኛ በሚባለው ርቀት ይራራቃሉ፤ ከዶ ጎን ሶል፣ ከሶል ጎን ሬ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። በዚህ አሰላለፍ ፈር የቀደደው አንቶኒ ዊሊያምስ ነው፤ የሸረሪት ድር ብሎ ሠራው። ጥቅሙ ለእጅ ብቻ አይደለም፤ የሚስማሙ ድምፆች ጎረቤት ሲሆኑ አንዱ ሲመታ ሌላው በስምምነት ይርገበገባል።

ሁለት በርሜል ያለው ደብል ሰከንድ አሥራ ሁለቱን ድምፆች ለሁለት ይካፈላቸዋል፣ በየበርሜሉ ስድስት ስድስት። ጊታርና ቼሎ የሚባሉት መካከለኛውን ስምምነት ይሞላሉ። ባስ 6፣ 9 ወይም 12 በርሜል ሊሆን ይችላል፤ በየበርሜሉ ሦስት ትልልቅ ኖታ አለ። የ12 በርሜል ባስ ተጫዋች በመሣሪያው መሐል ቆሞ ወገቡን እያዞረ ይጫወታል። ፓን ድምፅን ስለማያስረዝም ረጅም ኖታ የሚያዘው በሁለቱ ዱላ በፍጥነት እየተፈራረቁ በመምታት ነው። ዱላውም እንደ ፓኑ ይለያያል፦ ለቴነር ቀጭን ጎማ፣ ለባስ ኳስ የሚያህል ጎማ። የባስ ዱላ ለቴነር ቢሰጥ ድምፁ ይታፈናል፤ የቴነሩ ለባስ ቢሆን ቅጭልጭልታ ብቻ ይሰማል።

ፓኖራማ

ታላቁ ውድድር ፓኖራማ የተጀመረው በ1963 ነው፤ የመጀመሪያው አሸናፊ በአንቶኒ ዊሊያምስ የሚመራው ኖርዝ ስታርስ ነበር። ፍጻሜው በካርኒቫል ሰሞን በኩዊንስ ፓርክ ሳቫና ሜዳ ይደረጋል። ትልቁ ምድብ እስከ 120 ተጫዋች ያሰልፋል፣ የሚጫወተውም 8 ደቂቃ ገደማ ነው። ለዚያ 8 ደቂቃ ፓንያርድ በሚባለው የባንዱ ግቢ ለሳምንታት ማታ ማታ ይለማመዳሉ። ብዙዎቹ ኖታ ሳያነቡ በጆሮ ይማራሉ። አቀናባሪው ክፍሉን ለየቡድኑ መሪዎች ያሳያል፣ መሪዎቹ ለሌሎቹ ያስተላልፋሉ፣ አንዱ ሐረግ እጅ እስኪለምደው ይደጋገማል። የባንዱ ልብ ሞተር ክፍሉ ነው፤ ድራም፣ ኮንጋ፣ እንዲሁም በብረት ዘንግ የሚመታው የመኪና ፍሬን ድራም። ፍሬን ድራሙ ምቱን ከሳተ መቶውም ፓን ይበታተናል።

ሬኔጌድስ የተባለውን ባንድ በዘጠኝ የፓኖራማ ድል ያነገሠው አቀናባሪ ጂት ሳማሩ የሕንድ ዝርያ ያለው ትሪኒዳዳዊ ነበር። ያደገው ከቬኔዙዌላ የመጣው የስፓንኛ የገና ዘፈን፣ ፓራንግ፣ ሥር በሰደደበት በሎፒኖ አካባቢ ነው። የደሴቲቱ ማንነት የት ድረስ እንደተቀላቀለ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይህ ያሳያል።

የማን ነው?

በ1992 ፓን ብሔራዊ መሣሪያ ተብሎ ታወጀ። ዘጠኝ ዓመት ሳይዘገይ፣ በ2001 ሁለት አሜሪካውያን ፓንን በውሃ ግፊት የሚያሰምጥ አሠራር በአገራቸው የባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። መብቱ የአመራረቱ እንጂ የፓኑ አልነበረም፤ ትሪኒዳድ ውስጥ ግን ቁጣው ጠንካራ ነበር፣ ደግሞም ተገቢ። ለአምስት አሥርት ዓመታት በመዶሻ የተጠራቀመ ዕውቀት ማንም ሳያስመዘግበው በግልጽ ሲሠራበት ኖሯል፤ ቀድሞ ወረቀት የያዘው ግን የውጭ ሰው ሆነ። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኦገስት 11ን የዓለም የስቲልፓን ቀን አደረገ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የትሪኒዳድ ፓርላማ ከአገሪቱ አርማ ላይ የኮሎምበስ ሦስት መርከቦች ተነሥተው በቦታቸው ፓን እንዲገባ ወሰነ።

መሣሪያው ከስደተኞቹ ጋር ተጉዟል። በለንደን የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል፣ በኒው ዮርክ የብሩክሊን የሌበር ዴይ በዓል ያለ ፓን አይታሰቡም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1957 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የራሱን የፓን ባንድ አቋቁሟል፤ ኤሊ ማኔትም ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዩኒቨርሲቲ አስተምሯል።

ከትሪኒዳድ ውጭ የሚያስቸግረው ቃኚ ማግኘት ነው፤ ስለዚህ አያያዙን ማወቅ ይጠቅማል። ፀሐይ ብረቱን ስለሚያሰፋው ቅኝቱ ይናጋል፤ በርቲ ማርሻል ፓኖቹ ላይ ጥላ መትከል የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ፓንን በዱላ አለመግረፍ፣ አለመጣል፣ በላዩ ዕቃ አለመጫን፣ ከተጫወቱ በኋላ ላቡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ዘወትር የሚጫወት ባንድ በዓመት አንዴ ሁለቴ ማስቃኘት አለበት። ያገለገለ ፓን የሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ኖታ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጎ ይምታ። ጠንከር ሲል ድምፁ ከወደቀ ወይም ከተንቀጠቀጠ ኖታው ልሟል፤ ከሥር ገልብጦ ሲያየውም በኖታው ክልል ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ማንም ቃኚ አያድነውም።