ሠላሳ ካሬ ሜትር፣ አምስት ቀን፦ ጋለሪዎች በዓለም አቀፍ አርት ፌር ላይ

አርት ፌር በሚባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ የንግድ ትርኢት ላይ አንድ ጋለሪ የሚወክላቸውን ሠዓሊያንና ቀራፂያን ሥራ በተከራየው ጊዜያዊ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያቀርባል። ክፍሉ ቡዝ ይባላል። ሦስት ነጭ ግድግዳ፣ ከላይ የተደረደሩ መብራቶች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ደግሞ ከጎብኚ ዓይን የተሸሸገች ጠባብ ጓዳ፤ አብዛኛው ቡዝ ከዚህ አያልፍም። ስፋቱ ለጀማሪ ጋለሪ ሃያና ሠላሳ ካሬ ሜትር፣ ለትልልቆቹ መቶና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህች ቦታ ጋለሪው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ መሸጥና ማሳየት። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። ለመሸጥ ግድግዳውን መሙላት ይበጃል፤ አንድን ሠዓሊ በወጉ ለማሳየት ግን ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ ባዶው ቦታ ደግሞ በካሬ ሜትር ኪራይ የተከፈለበት ነው።

ጎብኚ የሚያየው የብዙ ወራት ውሳኔ የመጨረሻውን ጫፍ ነው። የትኛው ሠዓሊ ተመረጠ፣ የትኛው ሥራ ተላከ፣ ለማን አስቀድሞ ታየ የሚሉት ጥያቄዎች በሩ ሲከፈት አብዛኞቹ መልስ አግኝተዋል።

አርት ፌር ከቢያናሌ ጋር መምታታት የለበትም። ቢያናሌ ሥራዎችን መርጦ በሚያዘጋጅ አጋፋሪ፣ ማለትም በኪውሬተር፣ ሐሳብ የሚመራ ዐውደ ርዕይ ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፣ ቢያንስ በይፋ። አርት ፌር ግን ገበያ መሆኑን አይደብቅም።

ከኮሎኝ እስከ ባዝል

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ትርኢት የተጀመረው በምዕራብ ጀርመኗ ኮሎኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይን ሽቱንከና ሩዶልፍ ዝቪርነር የተባሉ ሁለት የጋለሪ ባለቤቶች ባዘጋጁት ገበያ 18 ጋለሪዎች ጉርዝኒኽ በተባለው የከተማዋ ጥንታዊ አዳራሽ ተሰባሰቡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ሰመረ፤ በሩ ግን ጠባብ ነበር። መግባት የሚችሉት የአዘጋጆቹ ማኅበር አባል የሆኑ የጀርመን ጋለሪዎች ብቻ ነበሩ። ክፍተቱን የስዊዘርላንዷ ባዝል አየችው። በ1970 ኤርንስት ባይለር፣ ትሩድል ብሩክነርና ባልዝ ሂልት የተባሉ የባዝል ጋለሪስቶች አርት ባዝልን ለውጭ አገር ሰው ክፍት አድርገው ሲጀምሩ ከ10 አገሮች 90 ጋለሪዎች መጡ፤ ጎብኚውም ከ16,000 በላይ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ በየዓመቱ በሰኔ የሚሳተፉት ጋለሪዎች ከ280 በላይ ናቸው። ስሙም ከከተማዋ ወጥቶ በ2002 ወደ ማያሚ ቢች፣ በ2013 ወደ ሆንግ ኮንግ፣ በ2022 ወደ ፓሪስ ተሻግሯል።

ሌሎቹም ተከተሉ። ማድሪድ በ1982 አርኮ የተባለውን ትርኢት ጀመረች። በ1994 ኒው ዮርክ ውስጥ አራት ጋለሪስቶች የግራመርሲ ፓርክ ሆቴልን ክፍሎች ተከራይተው ሥዕሎችን በአልጋና በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳይቀር አሳዩ፤ ዛሬ ዘ አርሞሪ ሾው የሚባለው ትልቅ ትርኢት ከዚያ ሆቴል የወጣ ነው። ፍሪዝ በ2003 ለንደን በሚገኘው ሪጀንትስ ፓርክ ድንኳን ተክሎ ተነሳ። በዚያው በለንደን በ2013 ቱሪያ ኤል ግላዊ የመሠረተችው 1-54 ደግሞ በስሙ ውስጥ ሙሉ ሐሳቡን ይዟል፤ አንድ አህጉር፣ 54 አገሮች። የአፍሪካ ሠዓሊያን በትልልቆቹ ትርኢቶች ላይ አልፎ አልፎ ብቻ ይታዩ በነበረበት ጊዜ የተከፈተ በመሆኑ፣ ብዙ ጋለሪዎች ወደ ዓለም አቀፉ ገበያ የገቡት በዚህ በኩል ነው።

በሩን ማለፍ

ገንዘብ ያለው ጋለሪ ሁሉ ቡዝ አይከራይም። ማመልከቻ የሚገባው ትርኢቱ ከመድረሱ ከስምንትና ከዘጠኝ ወር በፊት ነው፤ የሚወስነውም የመራጮች ኮሚቴ ነው። በአርት ባዝልና በሌሎች ታላላቅ ትርኢቶች የኮሚቴው አባላት ራሳቸው ጋለሪስቶች ናቸው። ይህ አሠራር ሁለት ገጽ አለው። ሥራውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል፤ ነገር ግን ተወዳዳሪ በተወዳዳሪ ላይ ይፈርዳል። ያልተመረጠ ጋለሪ ሐሜት ቢያወራ አይፈረድበትም።

ኮሚቴው የሚያየው ጋለሪው ዓመቱን ሙሉ ያዘጋጃቸውን ዐውደ ርዕዮች፣ የሚወክላቸውን ባለሙያዎችና ለቡዙ ያሰበውን ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ለወጣቶች በተለዩ ክፍሎች ላይ ይበልጥ ይመዝናል። በአርት ባዝል ስቴትመንትስ በተባለው ክፍል አንድ ጋለሪ ከአንድ ጀማሪ ባለሙያ በላይ አያቀርብም። በፍሪዝ ፎከስ የተባለው ለወጣት ጋለሪዎች ነው። ቡዝ የማይበቃቸው ግዙፍ ሥራዎች ደግሞ አንሊሚትድ የተሰኘ አዳራሽ አላቸው፤ አርት ባዝል ከ2000 ጀምሮ ግዙፍ ኢንስታሌሽኖችን (ቦታውን ሁሉ ይዘው የሚዘረጉ ሥራዎችን)፣ የቪዲዮ ሥራዎችንና ተራራ የሚያካክሉ ቅርፆችን እዚያ ያሳያል።

ማንን ማቅረብ፣ እንዴት ማቅረብ

የቡዝ አቀራረብ በሦስት መንገድ ይከፈላል ይባላል፤ የአንድ ሰው፣ የሁለት ሰው፣ የብዙ ሰው። በተግባር ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባይሸጥስ?

የብዙ ሰው ቡዝ ከጥያቄው የሚያመልጥ ነው። የስምንት ሰው ሥራ የሰቀለ ጋለሪ የአራቱ ካልተሸጠ በሌሎቹ አራት ወጪውን ይሸፍናል። ችግሩ፣ ጎብኚ በአንድ ቀን መቶና ሁለት መቶ ቡዝ ሲያልፍ ከእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ የማንንም ስም ይዞ አይወጣም። የአንድ ሰው ቡዝ የተገላቢጦሽ ነው። ሰብሳቢውም ተቺውም ሙዚየሙም ያስታውሱታል፤ ካልሸጠ ግን የጋለሪውን ዓመት ያናጋል። ከሁሉም የሚከብደው የሁለት ሰው ቡዝ ይመስለኛል፤ ሁለት ባለሙያዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያጎላል፣ ወይም ለብቻው የማይታየውን ነገር ይገልጥለታል። የትኛው እንደሚሆን ሥራው ከመሰቀሉ በፊት በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ቡዙን ራሱን ሥራ የሚያደርጉም አሉ። በ2014 ጋጎሲያን የተባለው ጋለሪ በፍሪዝ ለንደን ቡዙን ለባለሙያው ካርስተን ሁለር ሰጠ፤ እርሱም ልጆች የሚሹለከለኩበት ትልቅ የዳይስ ጠጠር ጭምር ያለበት የመጫወቻ ሜዳ አደረገው። በ2017 ሃውዘር ኤንድ ዊርዝ የተባለው ጋለሪ እዚያው ፍሪዝ ላይ የነሐስ ዘመን በሚል ርዕስ አንድ ምናባዊ የገጠር ሙዚየም ሠራ። የዘመኑን ታላላቅ ቀራፂያን ሥራ ከጥንታዊ ቅርሶችና ከኢንተርኔት በርካሽ ከተገዙ ተራ ዕቃዎች ጋር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቀላቅሎ ደረደረ። የጥንታዊት ሮም ታሪክ ምሁሯ ሜሪ ቢርድም በዝግጅቱ ተባብራለች። ሁለቱም ጋለሪዎች ይህን ለመሞከር የሚያስችል አቅም አላቸው፤ ትንሽ ጋለሪ በልቡ ቢመኘውም ኪሱ አይፈቅድለትም።

አሰቃቀሉም የራሱ ወግ አለው። የሥዕሉ ወገብ ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሴንቲሜትር ላይ እንዲውል ይደረጋል፤ በመካከለኛ ቁመት ያለ ሰው ዓይን የሚያርፈው እዚያ አካባቢ ነው። ከመተላለፊያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ የቡዙ ፊት ነውና መንገደኛን የሚያቆም ሥራ ይሰቀልበታል። ትንንሾቹና ወረቀት ላይ የተሠሩት ወደ ጎን ይሄዳሉ። ጓዳው ውስጥ ደግሞ ተጠባባቂዎች አሉ፤ አንድ ሥዕል ሲሸጥ ማታውን ይወርድና በማግስቱ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ማክሰኞ የታየው ቡዝና እሑድ የታየው ቡዝ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሣጥኑ

ስለ ሥነ ጥበብ ገበያ ሲወራ ሣጥን አይነሳም። የጋለሪ ሠራተኛን እንቅልፍ የሚነሳው ግን እርሱ ነው። ሥዕል በልኩ በተሠራ የእንጨት ሣጥን ይጓዛል፤ እንጨቱ ተባይ እንዳያዛምት በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ወይም በሌላ የተፈቀደ ዘዴ እንዲታከም፣ ማኅተምም እንዲመታበት ያስፈልጋል። ማኅተሙ የሌለበት ሣጥን ወደቡ ላይ ሊመለስ ይችላል። ለጉምሩክ ደግሞ ኤቲኤ ካርኔ የሚባል ሰነድ አለ፤ ተመልሶ ለሚወጣ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈል እስከ አንድ ዓመት በጊዜያዊነት እንዲገባ ይፈቅዳል። ከዝሆን ጥርስ፣ ከአንዳንድ ወፎች ላባ ወይም ጥበቃ ከሚደረግለት እንጨት የተሠራ ሥራ ሌላ የፈቃድ ወረቀት ይፈልጋል። ኢንሹራንሱ በሙያው ቋንቋ ከሚስማር እስከ ሚስማር ይባላል፤ ሥራው ከአንዱ ግድግዳ ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ ተመልሶ እስኪሰቀል ድረስ ይሸፍናል ማለት ነው። ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር የጥገና ባለሙያ ሥራውን መርምሮ ጭረትና ስንጥቁን በፎቶግራፍ አስደግፎ ይመዘግባል።

ይህ ሁሉ በሥራው መጠን ላይ ተጽዕኖ አለው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ሸራ ግድግዳ ላይ ግሩም ነው፤ በአውሮፕላን ጭነት ሒሳብ ግን መከራ ነው። ጋለሪ ባለሙያውን አነስ አድርገህ ሥራ ብሎ በግልጽ ባያዝም፣ የትኛው ሥራ እንደሚላክ የሚወስነው አንዳንዴ ከአጋፋሪው ይልቅ ጭነት አስተላላፊው ነው። በ2020 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የጋለሪዎች የአየር ንብረት ጥምረት በበኩሉ አባላቱ እስከ 2030 የካርቦን ልቀታቸውን በግማሽ እንዲቀንሱ ይጠይቃል፤ ከሚመክራቸው መንገዶች አንዱ ጭነትን ከአየር ወደ ባሕር ማዛወር ነው። ባሕር ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚላክ ሥዕል በመርከብ አይሄድም።

ሽያጩ

በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት የተጋበዙ ሰብሳቢዎች፣ የሙዚየም ሰዎችና አማካሪዎች የሚገቡበት አንድ ወይም ሁለት ቀን አለ። ከዚያም ቀደም ብሎ ጋለሪው የሚያመጣቸውን ሥራዎች ፎቶና ዋጋ የያዘ ፋይል ለደንበኞቹ ይልካል። የመጀመሪያው ቀን ማለዳ የሚሰማው የሽያጭ ዜና ከፊሉ ከሳምንታት በፊት በስልክ ያለቀ ነው። ሰብሳቢው ሲገባ የቀረው ፊርማና ፈገግታ ብቻ ይሆናል።

ዋጋ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ላይ አይጻፍም፤ ይጠየቃል። ይህ ለአዲስ ገዢ የማይመች ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ጋለሪው የሚመርጠው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ነው። ለተፈላጊ ባለሙያ ሥራ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሲበዙ መጀመሪያ ሙዚየም፣ ቀጥሎ ስብስቡን ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው፣ ከዚያ የቆየ ደንበኛ ይቀድማል። ገዝቶ በማግስቱ ጨረታ ላይ የሚያወጣ ሰው ይፈራል፤ ስለዚህም ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጥ፣ ከሸጠም መጀመሪያ ለጋለሪው እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ውል ማስፈረም የተለመደ ሆኗል። ሙዚየሞችም ከትርኢቱ ይገዛሉ፤ ቴት የተባለው የብሪታንያ ሙዚየም ፍሪዝ ላይ ሥራ የሚገዛበት ልዩ ገንዘብ ትርኢቱ ከተጀመረበት ከ2003 ጀምሮ ይታወቃል።

ሥራው በአብዛኛው የጋለሪው ንብረት አይደለም፤ ከባለሙያው በአደራ የተረከበው ነው። ሲሸጥ በብዛት እኩል ይካፈላሉ። ከጋለሪው ግማሽ ላይ የቡዝ ኪራይ፣ ጭነት፣ ሆቴልና መብራት ይወጣል። በአርት ባዝልና ዩቢኤስ በተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ ሪፖርት መሠረት በ2024 የጋለሪዎችና የነጋዴዎች ሽያጭ 31 በመቶ ያህሉ የተገኘው በአርት ፌር ላይ ነው፤ ስለዚህ አልሄድም ማለት ቀላል አይደለም። በ2018 ጋለሪስቱ ዴቪድ ዝቪርነር፣ የኮሎኙ ሩዶልፍ ልጅ፣ ትልልቅ ጋለሪዎች የትንንሾቹን ወጪ ቢደጉሙ የሚል ሐሳብ አነሳ፤ አርት ባዝል በ2019 ለአነስተኛ ቡዝ የአንድ ካሬ ሜትር ኪራይ ከትልቁ እንዲያንስ አደረገ። ሸክሙ ቀለል ቢልም አልወረደም።

በአርት ፌር የሚሸጠው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ ያፈጠጠው ጣሊያናዊው ባለሙያ ማውሪዚዮ ካቴላን ነው። በ2019 ፐሮታን ጋለሪ ማያሚ ቢች ላይ የእርሱን ሥራ፣ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ሙዝ፣ በ120,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ዴቪድ ዳቱና የተባለ ባለሙያ ሙዙን ልጦ በላው፤ ጋለሪው ሌላ ሙዝ ለጠፈ፤ ሕዝቡ በመጨናነቁ በመጨረሻው ቀን ሥራው ወረደ። ገዢዎቹ የከፈሉት ለፍሬው ሳይሆን ለምስክር ወረቀቱና ለመመሪያው ነበር። በ2024 ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱ በሶዝቢስ ጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

በ2020 ወረርሽኙ የሆንግ ኮንጉን ትርኢት ሲያሰርዝ አርት ባዝል ከ2,000 የሚበልጡ ሥራዎችን በኢንተርኔት አሳየ። ዋጋዎች፣ ቢያንስ በግምት፣ ሥዕሉ ሥር ተጽፈው ታዩ። አዳራሾቹ ሲመለሱ ግን ዋጋ መጠየቅም አብሮ ተመለሰ።

ባለሙያው ራሱ በትርኢቱ ላይ ብዙም አይታይም። ስቱዲዮ ውስጥ ለወራት የታገለበት ሥራ በደቂቃ ሲመዘን ማየት የሚያስደስተው ጥቂት ነው፤ የሚመጡት ለአንድ ምሽት ብቅ ብለው ይመለሳሉ። በመጨረሻው ቀን ማታ በሩ ሲዘጋ ባዶዎቹ ሣጥኖች ከመጋዘን ይመጣሉ፣ ግድግዳው ይፈታል። የተሸጠው ሥራ ቀረጥና ግብሩ ተከፍሎ ከካርኔው ይሰረዛል። ያልተሸጠው በመጣበት ሣጥን ተመልሶ፣ በሰነዱ ላይ የመውጫ ማኅተም አስመትቶ ይጓዛል፤ ማኅተሙ ከተረሳ ጉምሩኩ ዕቃው አገር ውስጥ እንደቀረ ቆጥሮ ቀረጡን ከጋለሪው ይጠይቃል።