ቪቴና እንጨት፦ ከአናጢ ቤት የማይጠፉ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ የተሠራ አግዳሚ ወንበር ዓመት ሳይሞላው መነቃነቅ ሲጀምር የመጀመሪያው ወቀሳ «ቪቴው የማይረባ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው፤ ወይ ጭራሽ አልተበሳም፣ ወይ ያለ ልኩ ተበስቷል።

«ቪቴ ራሱ እየበሳ ይገባል፤ ቀድሞ መብሳት ጊዜ ማባከን ነው»

የፈረንጅ ጥድ ጣውላ መሃል ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ቪቴ ሳይበሱ ቢያስገቡት ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ የሠራለትን ይዞ ወደ ባሕር ዛፍና ወደ ወይራ ሲሄድ ነው። ያልተበሳ ጠንካራ እንጨት ውስጥ ቪቴ እንደ ሽብልቅ ነው፦ የእንጨቱን ክሮች ወደ ጎን ይገፋል፣ እንጨቱም መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ጣውላው ካልተሰነጠቀ ደግሞ ቪቴው አንገቱ ላይ ይቆረጣል።

ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቴ በጥድ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ብረት)፣ በባሕር ዛፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለ5 ሚሊ ሜትር ቪቴ ደግሞ 2.5 እና 3.5 ነው። ልኩ ቢጠፋብዎት ፑንታውን ቪቴው ፊት ለፊት ይዘው ይመልከቱ፤ የቪቴው ግንድ ከፑንታው ጀርባ ተሸፍኖ ጥርሱ ብቻ ግራና ቀኝ ከታየ ለጠንካራ እንጨት ትክክል ነው። ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ ጠርዝ ላይ የግድ ከሆነ ያለ ቀዳዳ አይሞክሩት።

«ሁለቱንም ጣውላ የነከሰ ቪቴ የበለጠ ያጣብቃል»

ከሁሉም ስህተት ብዙ ዕቃ ያበላሸው ይሄ ነው፤ ሲያዩት ትክክል ስለሚመስል። የቪቴ ሥራ የላይኛውን ጣውላ በቪቴው ራስና በታችኛው እንጨት መሃል መጭመቅ ነው። ጥርሱ መንከስ ያለበት የታችኛውን ብቻ ነው።

20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቀመጫ እግር ላይ ሲታሰር እናስብ። በሁለቱ መሃል የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ቪቴው የላይኛውን ነክሶ ሲወጣ ክፍተቱ እንዳለ ነው፣ ከዚያ የታችኛውን ይነክሳል። ከዚህ በኋላ ቢያዞሩት ቢያዞሩት ክፍተቱ አይዘጋም፤ ቪቴው በአንድ ዙር ሁለቱንም ውስጥ እኩል ስለሚጓዝ ርቀታቸውን ጠብቆ ይይዛቸዋል። እጅ ላይ ጠበቀ፣ ዓይን ግን ክፍተቱን ያያል። አናጢው ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ ይሞላውና ሰው ሲቀመጥበት ሲጢጥ ማለት ይጀምራል።

መፍትሔው ሁለት ፑንታ ነው። የላይኛውን ጣውላ ቪቴው በእጅ ሲገፋ ሰተት ብሎ በሚያልፍበት ልክ፣ ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቴ በ4.5፣ ይብሱት። የታችኛውን በቀጭኑ ይብሱ። የቪቴው ራስ የሚገባበት ጎድጓዳ አፍ ያውጡለት። ሲያስሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ክፍተቱ ሲዘጋ በዓይን ይታያል፣ ኮላ ካለበትም ኮላው በጠርዙ ይወጣል። ግማሽ አንገቱ ጥርስ የሌለው ቪቴ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ልስላሴው የብረት ቁጠባ የሚመስላቸው አሉ።

«መጀመሪያ በመዶሻ፣ መጨረሻ ላይ በካቻቪቴ»

ቶሎ ያልቃል፣ ያ እውነት ነው። ግን በመዶሻ የገባ ቪቴ የእንጨቱን ክር ቀዶ ስለሚገባ ጥርሱ የሚይዘው ነገር አይኖረውም። የመጨረሻው ዙር የቪቴውን ራስ ጣውላው ላይ ያሳርፋል እንጂ አያስረውም። እንዲህ ከሚሆን ሚስማር ይሻላል፤ ሚስማር ቢያንስ ለመዶሻ የተሠራ ነው።

«ረጅሙን ከመረጥኩ አልሳሳትም»

የቪቴው ርዝመት የላይኛው ጣውላ ውፍረት ሁለት ተኩል ያህል ቢሆን ደኅና ነው፦ ለ20 ሚሊ ሜትር ጣውላ 50 ሚሊ ሜትር። በተጋዘው ጫፍ በኩል፣ ማለትም ክሮቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ የሚገባ ከሆነ አያያዙ ስለሚደክም ረዘም ያለ ይምረጡ። ምንጊዜም ቪቴውን ከቀጭኑ ጣውላ ወደ ወፍራሙ ያስገቡ።

«ጥቁሩ ቪቴ ከነጩ ይጠነክራል»

ጥቁሩ የጂፕሰም ቦርድ ቪቴ ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ስለዚህም ተሰባሪ ነው፤ ጎን ለጎን የሚገፋ ክብደት ሲያገኘው ሳይታጠፍ ቀጭ ይላል። አልጋና ወንበር ላይ አይሆንም። ጥቁሩ ልባስም ከውጭ እርጥበት አያድነውም። ለበረንዳና ለአጥር በር ስቴንለስ ወይም በወፍራሙ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) የሆነውን ይግዙ። ባሕር ዛፍ ላይ ተራ ብረት ሲረጥብ ዙሪያውን ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣውም በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ተመልሶ ይመጣል።

«መስቀል ራስ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። በመስቀሉ ክንዶች መሃል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ካዩ ፖዚድራይቭ ነው፣ ከሌሉ ፊሊፕስ ነው። የፊሊፕሱ ካቻቪቴ ፖዚድራይቩ ውስጥ ይገባል፣ ግን ተንሸራቶ የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ላለው ቪቴ በአብዛኛው ቁጥር 2 ነው።

«ሲከብድ ሳሙና መቀባት ነው»

ሳሙና እርጥበት ይስባል፣ ቪቴውንም ያዝገዋል። ሰም ይሻላል። የጧፍ ቁራጭ ላይ ጥርሱን አንዴ ሸርተት ማድረግ ይበቃል።

«እንጨቱ ቢረጥብም ቪቴው ይይዘዋል»

የክረምት ባሕር ዛፍ ከመጋዝ በቀጥታ ወደ ሥራ ሲገባ ዕቃው ሲደርቅ ቪቴው ይላላል። እንጨት በውፍረቱና በስፋቱ ይሸበሸባል፣ በርዝመቱ ግን ብዙም አይለወጥም። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተሠርቶ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ የገባ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ገጹ በክብ ቀዳዳ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ መሃሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገጹን የሚይዙትን ቀዳዳዎች በስፋቱ አቅጣጫ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሞላላ ያድርጓቸው፣ ከሥር ሮንዴላ ይጨምሩና ጠበቅ እንጂ ከልክ በላይ አያድርጉት።

«የተበላ ቀዳዳ መድኃኒቱ ወፍራም ቪቴ ነው»

የበር ማጠፊያ ላይ ይህ አይሠራም፤ ወፍራሙ ራስ ከማጠፊያው አፍ በላይ ይቀርና በሩ አይዘጋም። ከተመሳሳይ እንጨት ቀጭን ዘንግ ጠርበው ቀዳዳውን በኮላ ይሙሉት፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጠው እንደገና በልኩ ይብሱት። የክብሪት እንጨትም ለጊዜው ይሆናል። አንድ ነገር ግን አለ፦ ነጩ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይይዝም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ሌሊትም በረንዳ ላይ ያደረ በር ጠዋት ላይ ኮላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይፈረፈራል። በሩን ቤት አስገብተው ያሳድሩት።